«ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ…» ከሚለው በኋላ ምን ይጻፍ?

ግልጽ ደብዳቤ

በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በጀሞና በሌሎች የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ለምትገኙ ዕድሮች፤
ለየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች፤
ለትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን

ጉዳዩ፦ የጡረተኛ መምህራንንና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችን የሕይወት ታሪክ በሕይወት እያሉ ስለ መመዝገብ

ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያውን ይቀበልና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። የሚከተለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ… በመምህርነት ሙያ ለረጅም ዓመታት በቅንነት አገልግለዋል… ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ሃይማኖታቸውን ወዳድ ነበሩ… ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…» ስሙን አውጥታችሁ የሌላ ሟች ስም ብታስገቡበት አንድ ቃል መቀየር አያስፈልግም። ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማረች፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ሃያ ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤትና በሰበካ ጉባኤ የደከመች ሴት «ለረጅም ዓመታት» በምትል ሐረግ ተሸኝታ ትቀራለች።

ይህ ጉድለት የትም አለ። በዳር ሰፈር ግን ይብሳል። መሀል ከተማ፣ በድሮ ሰፈር፣ ወረቀቱ ያልያዘውን ለቀስተኛው ይሞላዋል፤ ግማሹ የሟች ተማሪ ነበርና። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው የወጡ፣ በመልሶ ማልማት ወይም በቅርቡ በኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ አዛውንት ግን ያስተማሩበት ትምህርት ቤት፣ የቆረቡበት ደብር፣ የቆየው ዕድራቸው ሁሉ ከኋላ ቀርቷል። በአዲሱ ብሎክ የሚታወቁት «ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት» ተብለው ነው፤ ቢበዛ «ቲቸር» ተብለው። ታክሲ ሁለትና ሦስት ጊዜ ቀይረው መምጣት የማይችሉ እኩዮቻቸው ቀብሩ ላይ አይገኙም። ስለዚህ በዳር ሰፈር የሚነበበው ወረቀት የሚነበበው ሟችን ለማያውቅ ሰው ነው፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ያልተነገረውን ከራሱ አይጨምርም።

ወረቀቱ የሚጻፈውም በክፉ ሰዓት ነው። ሰው ማታ ካረፈ ቀብሩ በማግስቱ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ለፋፊው ይዞራል፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ ይደውላል፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ «ጽሑፉን ማን ይጻፍ?» ይባላል። ከዘመዶች አንዱ፣ አማርኛው ደህና ነው የተባለው፣ የቆየ የሌላ ሰው ወረቀት ይሰጠውና ስምና ዓመተ ምሕረት እየቀየረ ይገለብጣል። ስሕተቱ ሁሉ የሚወለደው እዚህ ነው። ስሕተቶቹ ደግሞ ከቀብር ቀብር ስለሚደጋገሙ አስቀድሞ ማረም ይቻላል።

መጀመሪያ ዓመተ ምሕረት። አንድ ወረቀት ላይ «1942 ተወለዱ» ተብሎ ቢገኝ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጠየቅ መገልበጥ የለበትም። በእኛ ከሆነ ያው 1942 ነው። በፈረንጅ ከሆነ ግን 1934 ወይም 1935 ይሆናል፤ ሟች በአንድ ሌሊት ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ሆኑ ማለት ነው። ውጭ ያሉ ልጆች የሚልኩት አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጁን ነው። ሲቀየርም ሁልጊዜ ስምንት መቀነስ ስሕተት ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8። መታወቂያ ላይ «መስከረም 1» ወይም «ጥር 1» ተወለዱ የሚል ካለ ትክክለኛው ቀን ሳይታወቅ የተሞላ ሊሆን ስለሚችል ቀኑን ትቶ ዓመቱን ብቻ መጻፍ ይሻላል። ዓመቱም ካጠራጠረ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን መጠየቅ ነው፤ «መቼ ተወለዱ?» ተብሎ ግን አይደለም። «በታኅሣሥ 1953 ግርግር ጊዜ ስንተኛ ክፍል ነበሩ?» ተብለው ይጠየቁ። «ሁለተኛ ደረጃ ልገባ ነበር» ካሉ ልደቱ በሁለትና በሦስት ዓመት ልዩነት ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ለሚቀድመው ጣልያን የገባበት 1928 እና የወጣበት 1933 አሉ፤ ለኋለኛው የ1966 አብዮት አለ።

ሁለተኛው የቦታና የትምህርት ቤት ስም ነው። በ1950ዎቹ የተማረ ሰው የተወለደው ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነው እንጂ ክፍለ ሀገር ውስጥ አይደለም፤ «ክፍለ ሀገር» ከአብዮቱ በኋላ የመጣ ስም ነው፤ ዞንና ክልል ደግሞ ከዚያም ወዲህ። «በቀድሞው በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት» እና «በቀድሞው ጎንደር ክፍለ ሀገር» ሁለት ዘመን ናቸው። ተፈሪ መኮንን የነበረው ትምህርት ቤት በደርግ ጊዜ እንጦጦ ተባለ፤ እቴጌ መነን የካቲት 12 ተባለ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። «በ1955 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ድንኳኑ ውስጥ ላሉት ሽማግሌዎች ወዲያው ይጎረብጣቸዋል፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዝም ይላሉ እንጂ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ያኔ የሚጠራበትን ስም ጻፉ፣ የዛሬውን «ዛሬ እንዲህ የሚባለው» ብላችሁ አስከትሉ። ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ባቱም እንደዚሁ።

ዘመቻዎቹም ይደበላለቃሉ። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ነው፤ የወጡትም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል እንዲሁም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ናቸው። መሠረተ ትምህርት የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ነው፤ በዙር በዙር ዓመታት የቀጠለ፣ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ። «ዘምተዋል» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም። የትኛውን ዘመቻ? የት ቀበሌ? በየትኛው ዙር? የምስክር ወረቀቱ ብዙ ጊዜ አልጋ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ ነው።

ሥልጠናውም እንዲሁ ልዩ ልዩ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ 8ኛ ክፍልን ጨርሰው መምህራን ማሠልጠኛ የገቡ አሉ፤ ከ10ኛ የገቡ አሉ፤ በኋላ ደግሞ 12+1፣ ማለትም ከ12ኛ ክፍል በኋላ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ መጣ። ከዚያ ክረምት ክረምት እየተማሩ ዲፕሎማ የያዙ ብዙ ናቸው። አራትና አምስት ክረምት የቤተሰብ ዕረፍት የሌለበት ዓመት ነው፤ «ትምህርታቸውን አሻሽለዋል» የምትለው ሐረግ ይህን ሁሉ ትውጠዋለች።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን አፍርተዋል» መባል ልማድ ሆኗል። እስቲ እናስላው። አንደኛ ደረጃ ላይ አንድ ክፍል ይዘው ሁሉንም ትምህርት ያስተማሩ መምህርት በዓመት 60 ልጅ ቢይዙ በ30 ዓመት 1,800 ነው። አንድ ትምህርት ብቻ ይዘው በአምስት ክፍል የገቡ ከሆነ በዓመት 300፣ በ30 ዓመት 9,000 ይመጣል። ነገር ግን ሰባተኛ ያስተማሯቸውን ስምንተኛም ካስተማሯቸው ያው ልጅ ሁለቴ ተቆጥሯል፤ እውነተኛው ወደ 4,500 ይወርዳል። ርእሰ መምህር ወይም ዩኒት ሊደር የሆኑበት ዓመትም ይቀነስ። 1,800 ትንሽ ቁጥር መስሎ የሚታየው ካለ፣ 1,800 ልጅ ማንበብ ያስተማረ ሰው ከመንገድ ላይ ይጠቁመን።

ሥራው ራሱ ምን እንደነበረ ደግሞ ጨርሶ አይጻፍም። ሮስተርን፣ የክፍሉን የውጤት መዝገብ፣ እንውሰድ። ኮምፒውተር ሳይመጣ የክፍል ኃላፊ መምህር በሴሚስተሩ መጨረሻ ከየመምህሩ ማርክ ሊስት ውጤት እየሰበሰበ አንድ ሰፊ ወረቀት ላይ በእጁ ይሞላ ነበር። 60 ተማሪ በ9 ትምህርት 540 ውጤት ነው፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጨመር 1,080፤ የዓመቱ አማካይ ሲወጣ 1,620። ከዚያ የእያንዳንዱ ልጅ ድምር፣ አማካይና ደረጃ። የሚበላሸው አንድ መስመር ሲዘለል ነው፤ የ14ኛው ልጅ ሒሳብ 15ኛው ላይ ከተጻፈ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል፣ ደረጃውም ይፈርሳል፣ ወላጅም ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ አስደግፎ ይጽፋል፤ አሥር አሥር ስም እየተጠራ ወደ ኋላ ይመሳከራል። በላዩ ላይ መደለዝ አይፈቀድም፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ተሠርዞ ፊርማ ይደረግበታል። «ሮስተራቸው ስርዝ ድልዝ አልነበረበትም» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር «ታታሪና ጠንቃቃ ነበሩ» ከሚለው ይልቅ ሰውየውን ታሳያለች። ድንኳኑ ውስጥ ያለ መምህር ሁሉ ይገባዋል።

የቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት የባሰ ችግር አለው፤ የትም አልተጻፈም። ትምህርት ቤቱ ቢያንስ የቅጥር፣ የዝውውር፣ የደረጃ ዕድገትና የጡረታ ደብዳቤ ከፐርሰናል ፋይሉ ይገኝለታል። በነጻ ያገለገለ ሰው ደመወዝ ስለሌለው ፋይልም የለውም። ስሙ የሚገኘው ቃለ ጉባኤ ላይ፣ የደረሰኝ ግርጌ ላይ፣ የቆጠራ ቅጽ ላይ ነው።

ጡረተኛ መምህር ለሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሣጥኑ በተወካዮች ፊት ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ሲገለበጥ ብሩ የተጨማደደ ነው፣ አንዳንዱ የጧፍ ሰም የነካው፣ በክረምት ደግሞ እርጥብ ነው። ሰም የነካው ከሌላው ጋር ተጣብቆ ሁለቱ እንደ አንድ እንዳይቆጠር ለብቻው ይለያል። ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 50፣ ባለ 100፣ ባለ 200 እየተደረደረ መቶ መቶ ፍሬ ይታሰራል፤ ሳንቲሙ በየዓይነቱ ይከመራል። አንዱ የቆጠረውን እስር ሌላው መልሶ ይቆጥረዋል፤ ካልተገጣጠመ እስሩ ይፈታል እንጂ «ልዩነቱ ትንሽ ነው» አይባልም። ቅጹ ላይ የብሩ ዓይነት፣ ፍሬውና ድምሩ በአኃዝና በፊደል ይሰፍራል፣ ሁሉም ይፈርማሉ። ከዚያ የስእለቱ ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ሻማና ዕጣን አለ፤ እሱም ይመዘገባል፣ ከአገልግሎት የተረፈውም በጨረታ ይሸጣል። አንድ የትልቅ በዓል ቆጠራ ከሰዓት ተጀምሮ ማታ ሊያልቅ ይችላል። ይህን በዓመት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ዓመት? ሰበካ ጉባኤው የቆጠራ ቅጾቹን አገላብጦ ፊርማውን ቢቆጥር መልሱ በእጁ ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤትም ላይ «አስተምረዋል» ብቻ አይበቃም። ሕፃናት ክፍልን ነው ወይስ ወጣቶችን? ፊደል ነው፣ መዝሙር ነው ወይስ ትምህርተ ሃይማኖት? እግረ መንገዳችንን፣ «መምህር» የሚለው ቃል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲነገር ሰሚው የአብነት መምህር ሊመስለው ይችላል፤ ቅኔ ወይም ዜማ ቤት ያልዋለን ሰው ባልሆነው ማዕረግ መጥራት ለሟችም አይመችም፣ ካህናቱንም ያስቀይማል። «የቀለም ትምህርት መምህርት የነበሩ» ብሎ መለየት ይገባል።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዐዋዲ ሰበካ ጉባኤን በካህናት፣ በምእመናንና በወጣቶች ተወካዮች ሲያቋቁም ምርጫው በየጊዜው እንዲታደስ አድርጓል። የአገልግሎት ዘመኑ ሲያልቅ ለተሰናባቹ አባል ማኅተም ያለበት የአንድ ገጽ ማስረጃ ይሰጠው፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ሠርቶ። አንዱ ቅጂ በአጥቢያው ይቅር። ከሌላ ደብር ለመጡ አዛውንትም የቀድሞው ደብራቸው ማስረጃ እንዲጽፍላቸው እነሱ በእግራቸው ከሚንከራተቱ ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈት ቤት ብትጻጻፉ ሥራው ይቀላል። ሌላም አለ። ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው፤ ልጆች የእናታቸውን የክርስትና ስም ሳያውቁት ካህኑ ሲጠይቅ የሚተያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። የክርስትና ስም፣ የንስሐ አባት ስምና ስልክ፣ የሰበካ ጉባኤ አባልነት ካርድ የት እንዳለ፣ ሦስቱ አንድ ወረቀት ላይ ይስፈሩ። ካርዱ የመቃብር ቦታ ሲጠየቅም ይፈለጋል።

ለዕድሮች። አባል ስትመዘግቡ የቤተሰብ ዝርዝርና የወር መዋጮ ብቻ ነው የምትይዙት። ዕድሜው ከ65 በላይ ለሆነ አባል ሁለት ገጽ ጨምሩ፤ የትውልድ ቦታ በዘመኑ ስም፣ የተማሩበት፣ የሠሩበት እያንዳንዱ ቦታ ከነዓመቱ፣ በነጻ ያገለገሉበት፣ ታሪካቸውን የሚያውቁ የሁለት ሰዎች ስልክ። ሁለቱ ሰዎች ከቤተሰብ ውጭ ይሁኑ፤ አንዱ የሥራ ባልደረባ፣ አንዱ የማኅበር ወንድም ወይም እኅት። ጸሐፊው መስከረም ላይ እየደወለ ስልኩ መሥራቱን ያረጋግጥ። ሰውየው ራሱ አንብቦ ይፈርምበት፤ «ይህ አይነበብ» ያለው ነገር ካለም ይከበርለት።

ቅጹን የሚያስሞላ ወጣት ከሰንበት ትምህርት ቤት ቢመደብ ጥሩ ነው፤ ግን አጠያየቅ ይማር። «ታሪክዎን ይንገሩን» የተባለ አዛውንት «ምን ታሪክ አለኝ ብላችሁ ነው» ይልና ቡና አፍሉ ይላል። «መጀመሪያ የተመደቡበት ትምህርት ቤት ጣሪያው ሣር ነበር ቆርቆሮ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ሳይቆም ይናገራል። ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከአርባ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ፤ ከዚያ በላይ ይደክማሉ፣ ሲደክሙ ደግሞ ዓመተ ምሕረት ይምታታባቸዋል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ከጨርቅ በላይ ይቀመጥ፤ እንጨት ላይ ከሆነ የስኒው ድምፅ ንግግሩን ይበላዋል። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ። የተቀዳው ወዲያው በሰውየው ስምና በቀኑ ተሰይሞ ለሁለት ሰው በቴሌግራም ይላክ፤ አንድ ስልክ ላይ ብቻ የቆየ ድምፅ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የክፍል ፎቶግራፍ ካለ ከጀርባው በእርሳስ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ስም ይጻፍ። በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል።

ለትምህርት ቤቶች ደግሞ አጭር ልመና ነው። መጋዘን ስታጸዱ የድሮ ሮስተርና የጡረተኛ ፋይል ከተሰበረ ዴስክ ጋር አብሮ አይጣል። ቢያንስ የመምህራኑ ስም፣ የገቡበትና የወጡበት ዓመት፣ ያስተማሩት ትምህርት በአንድ መዝገብ ይገልበጥ። ይህ ለቀብር ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብ ለተተኪ ጡረታ፣ ሟች ለተወው ቤተሰብ ለሚከፈለው፣ ሲሄድ በመታወቂያውና በፋይሉ ያለው ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ የሚያመላልስ ነገር ስለሆነ የፋይሉ መኖር ብዙ ደጅ ጥናት ያስቀራል። ሞቱም በ30 ቀን ውስጥ በወረዳ መመዝገብ እንዳለበት የዕድር ጸሐፊ ለቤተሰቡ ያስታውስ፤ በሐዘን መሀል የሚረሳ ነው።

ወረቀቱ ሲጻፍ ከ350 ቃል አይለፍ። ቀስ ብሎ ሲነበብ አራት ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ሰው ቆሞ፣ በፀሐይ ወይም በዝናብ፣ አይሰማም። በጎደለው ላይ ውዳሴ አይጨመር፤ ያልታወቀ ዓመት ካለ መስመሩ ይዘለል። የሚያነበው ሰው ከሌሊቱ ጀምሮ ያለቀሰ የሥጋ ዘመድ ባይሆን ይመረጣል፤ ድምፁ ይቆረጣል፣ ሰውም ከታሪኩ ይልቅ እሱን ማጽናናት ይጀምራል። በቀብሩ ዕለት ያመለጠ ነገር ካለ እስከ አርባው ጊዜ አለ። ድንኳን ውስጥ «እንዲህ እኮ አልነበረም» ያለውን ሽማግሌ ጸሐፊው አድራሻውን ይያዝ፤ ለተዝካሩ የሚባዛው ቅጂ በእሱ እርማት ይስተካከል። ሦስት ቅጂ በቂ ነው፤ ለቤተሰብ፣ ለዕድሩ፣ ለአጥቢያው። መቃብር ላይ የሚነበበው ፊደሉ ተለቅ ብሎ በ16 ይታተም፣ በክረምት ከሆነ በፕላስቲክ ይሸፈን፤ በኢንክጄት የታተመ ወረቀት አንድ ጠብታ ሲያርፍበት መጀመሪያ የሚሟሟው ከላይ ያለው ስም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀብር የሕይወት ታሪክ የምናረቅቅ ጡረተኛ መምህራንና የሰንበት ትምህርት ቤት ጸሐፊዎች
አዲስ አበባ